የሲንግ ቤት ስኮርታ

ጋጄንድራ ሲንግ ለምርጫ ሲመዘገብ ብቻውን ተመዝግቦ አያውቅም። እሱ ከፊት፣ ታናሽ ወንድሙ ላልታ ከኋላ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ለአንዲት ወንበር። ይሄ ምን ማለት ነው የሚል እንግዳ ቢመጣ እዚህ ካሊንፑር ውስጥ ሕፃን ልጅ ያስረዳዋል። የትልቁ ምዝገባ የእጩዎች ወረቀት በሚመረመርበት ቀን በሆነ ሰበብ ቢወድቅ ወንበሩ ከቤት እንዳይወጣ ትንሹ ተመዝግቦ ይጠብቃል። ካልወደቀ ትንሹ ሄዶ "ትቼዋለሁ" ብሎ ይፈርምና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፖለቲከኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ አንዱ ሚስቱን ያስመዘግባል፣ ሌላው ሹፌሩን። ጋጄንድራ ወንድም ነበረው፤ ወንድሙንም "ስኮርታ" ይለው ነበር። መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ አቧራ ሲጠጣ የሚኖረውን ተቀያሪ ጎማ ማለቱ ነው።

ስሙ ያዘ። ሸንኮራ የጫኑ ትራክተሮች መንገድ ሲዘጉ ሹፌሮቹ "ስኮርታው መጣ፣ አሳልፉት" ይባባሉ ነበር። ላልታ ይሰማል፣ ይስቃልም። ካልሳቀ ደግሞ ይብስበታል፤ ይህችን ከተማ አውቃታለሁ።

አባታቸው ሻምሼር ሲንግ በግዛቱ ምክር ቤት ወንበር ላይ ያረጁ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ፣ እንደ ደንቡ፣ በሐዘኑ ማብቂያ ቀን የቤቱ ጥምጥም ለታላቁ ልጅ ተጠመጠመ። ያን ቀን ጥምጥሙ የተቀመጠበትን ሰሃን ይዞ የቆመው ላልታ ነው። ከዚያ በኋላ እንግዲህ ሰሃን መያዝ ሥራው ሆነ። ሀብታም ልጁን ሲድር ጋጄንድራ ይሄዳል፤ ድሃ ሲሞት ላልታ ይላካል። በየማለዳው በረንዳው ላይ ጋጄንድራ የአባቱ ትልቅ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ላልታ ከሥሩ የቀርከሃ በርጩማ ላይ። ባለጉዳይ መጥቶ ለአክብሮት እግር ሲነካ የሚነካው የጋጄንድራን ነው። ላልታ ጫማውን እንዳይረግጡበት እግሩን ይሰበስባል።

ሚስቱ ኩሱም የመጣችው ከሌላ አውራጃ ነው። አባቷ ጋዜጣ ላይ በእጩዎች ዝርዝር ውስጥ የላልታን ስም አይተው፣ ልጄን ለትልቅ ሰው ልድር ነው ብለው መንደር ሙሉ ጣፋጭ አከፋፍለው ነበር። ሠርጉ ሲደርስ ላልታ "ትቼዋለሁ" ብሎ ፈርሞ ነበር። ሙሽሪት ይህን የሰማችው ከባሏ ቤት ሴቶች ነው፤ እየተሳሳቁ ነው የነገሯት።

በዚያ ቤት የታናሽ ወንድም ሚስት ለባሏ ታላቅ ወንድም ፊቷን አታሳይም፣ አታናግረውም፣ እጇ አይነካውም። ኩሱም ስትመጣ ይድሁ የነበሩ ልጆች እስኪያገቡ ድረስ እዚያ ቤት ኖራ ጋጄንድራ መልኳን አያውቅም ነበር። እሷ ግን በሻሿ ሥር ሆና እሱን በደንብ ታውቀዋለች።

በአንዱ ምርጫ ጋጄንድራ ገበያው መሃል የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ንግግር ሲያደርግ ላልታን በአንገት ልብሱ ጎትቶ ወደ ፊት አመጣው።

"ይሄንን ታውቁታላችሁ፣ የኔ ስኮርታ ነው። ጎማዬ እስካልፈነዳ አይወርድም። እስቲ እዩኝ፣ የምፈነዳ እመስላለሁ?"

ሕዝቡ አወካ። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ላልታ እጆቹን አጋጥሞ ለሳቁት ሁሉ ሰላምታ ሰጠ። ኩሱም ከሴቶቹ መሃል ቆማ ነበር።

ቤት ሲገቡ ውሃ እያቀረበችለት፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለችው።

"ጠይቂ።"

"ወንድምዎ በስምዎ ጠርተውዎት ያውቃሉ?"

ላልታ አሰበ። "በልጅነታችን ሳይጠሩኝ አይቀሩም።"

"ያስታውሳሉ ወይስ እየገመቱ ነው?"

"ኧረ እባክሽ እግሬን ልታጠብበት፣ ምን አደረግሁሽ?"

"እንግዲያው ይስሙኝ" አለች ኩሱም። "በሰው ፊት አንድ ቀን ላልታ ብለው የጠሩዎት እንደሆነ፣ ቤተ መቅደስ ሄጄ ለመጣ ለሄደው የላዱ ጣፋጭ አከፋፍላለሁ። ስለቴ ነው።"

ላልታ ሳቀ። ከዚያ ግን ነገሩ ከሆዱ አልወጣም። ከወንበሩ ይልቅ፣ ከጥምጥሙ ይልቅ፣ ያቺ ስሙ ከዚያ ሰው አፍ እንድትወጣ ናፈቀ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ የሚመኘው ግን ያቺን ስም ነበር። ማለዳ ማለዳ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ጆሮውን ወደ ላይ አቅንቶ ነው። የሚመጣለት "አንተ"፣ "ስማ"፣ ሰው ካለ ደግሞ "ስኮርታ" ነው።

ያ ዓመት መጣ። የምርጫው ሹም ሆና የተላከችልን ቢምላ የምትባል ወጣት ነበረች፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሥራዋን የምታውቅ። አባቷ ጫማ ሰፊ ናቸው። ይህን ጋጄንድራ ስሟን ከመስማቱ በፊት ነው የሰማው።

ምዝገባው የመጨረሻ ቀን ላይ ሁለቱ ወንድማማቾች ከጠበቃቸውና ከአጃቢዎቻቸው ጋር ቢሮዋ ገቡ። ወረቀቱን ተቀበለች። ከዚያ ቆማ፣ "አሁን መሃላውን ያንብቡልኝ፣ ቆመው" አለችው። እጩ የሆነ ሁሉ በሹሙ ፊት ቆሞ ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ ነኝ ብሎ በቃሉ ይምላል። የማለውም ያልማለውም የሚለየው በነጋታው ምርመራ ላይ ነው፤ ያልማለ ይወድቃል።

ጋጄንድራ ከወንበሩ አልተነሳም። "እኔ ስምል አንቺ አልተወለድሽም" አላት። "ያኔ የማልኩትን ጻፊው።"

"ጌታዬ፣ በየምርጫው አዲስ ነው የሚማለው።"

"ለፋቂ ልጅ ልቁም? እዚህ ከተማ ውስጥ እኔ ቆሜ የማውቀው ለአባቴ ሬሳ ነው።" ይህን ተናግሮ ዱላውን አንስቶ ወጣ። አጃቢዎቹ ተከትለው ወጡ። ጠበቃው ከወረቀቱ ጋር እየታገለ ስለነበር አልሰማም፤ የሰሙትም ደፍረው አይናገሩትም።

ላልታ ቀረ። እንደ ልማዱ ቆሞ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቃል በቃል ማለ። ሲጨርስ ቢምላ ቀና ብላ አየችው። "አቶ ላልታ" አለችው፤ በስሙ ስትጠራው ደነገጠ። "ወንድምዎ ዛሬ ሳይመሽ ይምጡ። ወይም እኔ ቤታቸው እሄዳለሁ፣ እሱም ይቻላል። ነገ ከሆነ ግን አልችልም። ይንገሩልኝ።"

"እነግራለሁ" አለ ላልታ።

እግሩ እስከ ቤት ድረስ ይሮጥ ነበር። እመኑኝ፣ ሊነግረው ነበር። ሲደርስ ጋጄንድራ ከእንግዶቹ ጋር የፍየል ሥጋና ሩዝ ቀርቦለት እየበላ ነው። ላልታ በሩ ላይ ቆመ። ጋጄንድራ ጣቱን እየላሰ ዞር አለ።

"ምን ቆመሃል? ስኮርታ ቆሞ አያምርም። ሂድና ተንጠልጠል።"

እንግዶቹ ሳቁ። አንዱ ሩዙ በአፍንጫው ወጣ። ላልታ አብሯቸው ሳቀ፣ ከዚያም ወጣ።

ኩሱም የራሱን ምግብ አቀረበችለት። የሹሟን ቃል ነገራት።

"ታዲያ ነገሯቸው?"

"እየበሉ ነበር።"

"ከበሉ በኋላስ?"

ላልታ ቂጣውን ቆረሰ፣ ምስሩን አጠቀሰ፣ ጎረሰ። ኩሱም ሌላ ቂጣ ጨመረችለት። ጨው ያንሰዋል ወይ ብላ ጠየቀችው፤ አያንሰውም አላት።

በነጋታው የጋጄንድራ ምዝገባ ወደቀ። በአባቱ ጊዜ የተቀጠረው ጠበቃ ጮኸ፣ ከዋና ከተማው ስልክ ተደወለ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ግቢው ውስጥ ተንጎራደዱ። ቢምላ መነጽሯን እየወለወለች፣ "አልማሉም" አለች። በሦስተኛው ወር ወደ አንድ ሩቅ አውራጃ አዛወሯት።

ወንበሩ ከቤት አልወጣም። ስኮርታው ወረደ። ጋጄንድራ ያው የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ "ለሱ ስትመርጡ ለኔ ነው፣ እሱ እጄ ነው" እያለ ቀሰቀሰ። ግድግዳው ሁሉ ላይ የተለጠፈው የጋጄንድራ ፊት ነው፣ ከጢሙ ሥር የላልታ ፊት ከቴምብር ያልበለጠ። ላልታ አሸነፈ፤ ያውም አባቱ አሸንፈው በማያውቁት ድምፅ። ደስ ያለው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

ከዋና ከተማው ከላክናው፣ ከምክር ቤቱ ቃለ መሐላ ሲመለስ በረንዳው ላይ ወንበሩም በርጩማውም በየቦታቸው ናቸው። ጋጄንድራ በጣቱ ወደ በርጩማው ጠቆመው። የተመረጠው ሰው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ባለጉዳዮቹ የማንን እግር እንደሚነኩ ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ በመጨረሻ የለመዱትን ነኩ።

"ከዲዋሊ በዓል በኋላ ልብህን ታመሃል" አለው ጋጄንድራ አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ወንበሩን ትለቃለህ። ማሟያ ምርጫ ይደረጋል፣ እኔ እገባለሁ።"

"እሺ ጋሼ።"

ዲዋሊ አለፈ። ላልታ ሊለቅ ወደ ላክናው ሄደ፣ ሳይለቅ ተመለሰ። ጋጄንድራ በረንዳው ላይ ጠበቀው።

"መልቀቂያውን ሰጠህ?"

"አልሰጠሁም ጋሼ።"

"ለምን?"

"እንጃ።"

ጋጄንድራ ጫማውን አውልቆ በባለጉዳይ ፊት በጫማው መታው። ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ክንዱ እስኪዝል። ላልታ እጁን አላነሳም። ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አነሳና አቧራውን አራግፎ ለወንድሙ እግር መልሶ አጠለቀለት። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያን ሲያይ በርኅራኄ ነው ያወራው። እኔ ግን ዓይኑን አይቼዋለሁ። ምንም አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ስለ መልቀቅ ሁለተኛ አልተነሳም፤ ምክንያቱም ጋጄንድራ አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራውን እየባረከ ወደቀ። ሲያነሱት ግራ ጎኑ ሞቷል፣ ምላሱም አብሮ። ሚስቱ ቀድማ ሞታለች፣ ሴት ልጆቹ በየባሎቻቸው አገር ናቸው፣ መጥተው አልቅሰው ሄዱ። ላልታ አልጋውን ወደ በረንዳው ቅርብ ክፍል አስገባው። "ወንድሜን ከሰው አልለየውም" አለ። ከተማው አመሰገነው።

በማግሥቱ ማለዳ ላልታ የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጋጄንድራን በርጩማው ላይ አስቀመጡት። እንዳይወድቅ በሻል ከምሰሶው ጋር አሰሩት።

በየማለዳው እንዲያ ሆነ። ባለጉዳይ ይመጣል፣ የመስኖ ውሃ ተቆረጠብኝ ይላል። ላልታ ወደ ታች ያጎነብሳል። "ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" ጋጄንድራ አፉን ለመክፈት ይታገላል። ላልታ ይጠብቃል። አይቸኩልም፤ ልጋጉ ደረቱ ላይ እስኪወርድ ይጠብቃል። "እሺ፣ ጋሼ ያስቡበታል" ይላል ከዚያ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሳቀ። እንደኔ የጫማ ዱላ ያየ ሁሉ ይበለው አለ። ኋላ ግን የሚስቅ ጠፋ። ባለጉዳይ መቅረት ጀመረ። ላልታ ብቻ አልጠገበም። ከሠራተኛው እጅ ቂጣ ተቀብሎ ከወንድሙ የሞተ እጅ አጠገብ ያስቀምጥና ይበላል ወይ ብሎ ያያል።

"ይብቃዎት" አለችው ኩሱም አንድ ቀን።

"ምኑ?"

"አሁንም እንደ ድሮው ጆሮዎን አቅንተው ነው የሚቀመጡት። የሚጠብቁት ምንድን ነው? የወንድምዎ ምላስ እኮ ሞቷል።"

"አንቺ ሻሽሽን አስተካክይ" አላት።

እንዲያ እያለ የሥልጣን ዘመኑ አለቀና ሌላ ምርጫ መጣ። ቢምላን ሦስት አውራጃ አዙረው መልሰው እኛው ጋ ጣሏት። ጠበቃው፣ "ተጠባባቂ ማን ይሁንልዎ? ባለቤትዎን እንመዝግብ?" አለው ላልታን።

"ስኮርታ አለኝ" አለ ላልታ።

ጋጄንድራን አጥበው፣ ነጭ ልብስ አልብሰው፣ የአባቱን ጥምጥም ጠምጥመውለት፣ ባለጎማ ወንበር ላይ አድርገው ቢሮ አስገቡት። መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቶ ነበር። ኩሱምም ከኋላ መጣች፣ ሻሿ እስከ አገጯ ወርዶ። የሁለቱም ወረቀት ገባ። ቢምላ በሽተኛውን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ይህ ግድ ነው?"

"ሕግ ነው" አለ ላልታ። "ተጠባባቂዬ ናቸው። ታላቅ ይቅደም፣ መጀመሪያ እሳቸው ይማሉ።"

"መናገር የሚችሉ አይመስለኝም። ሌላ ሰው ያስመዝግቡ፣ ገና ሰዓት አለ።"

"ወይዘሪት፣ ያኔ ቆመው በቃላቸው ይማሉ ያልሽው አንቺ ነሽ። መቆሙን ይቅር ብለናቸዋል። በቃላቸው ይማሉ።"

ላልታ የመሃላውን ወረቀት በወንድሙ ዓይን ፊት ዘርግቶ ያዘለት፤ ሰሃን እንደሚይዝ። ጋጄንድራ ወረቀቱን አየ። ቢምላን አየ። ደም ሥሩ አንገቱ ላይ ተገተረ፣ ጥምጥሙ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ፣ ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። የሸንኮራ መጭመቂያ ሲነቃነቅ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ላልታ አላዞረም፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

ጋጄንድራ ደህናውን እጁን አንስቶ የወንድሙን እጅጌ ያዘ።

"ላል... ታ" አለ።

ጥርት ብሎ ነው የተሰማው። በር ላይ የነበርነው ሁሉ ሰምተናል። ደገመውም። "ላልታ።" ከዓይኑ እንባ ወረደ። ሌላ ቃል አልነበረውም፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር፣ ከዚያ ሁሉ ስድብ የተረፈችው ያቺ አንዲት ብቻ ነበረች።

የላልታ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀረ፣ የሚያወርደው ጠፋ። እጅጌውን ከወንድሙ ጣቶች መሃል ቀስ ብሎ አወጣ።

"መሃላው እንደዚያ አይልም" አለ።

ከዚያም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ ማንንም ሳያይ፣ ሰው እየገፋ ወጣ። የውጪው ሕዝብ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ ጣለ፣ ከበሮ ተመታ፣ መኪናው ተነስቶ ሄደ።

ጋጄንድራ በሩን እያየ ስሙን መጥራት ቀጠለ። ያኔ ኩሱም ወደ ፊት መጣች። ሻሿን ከፊቷ ገፍታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጫፉን አጥፋ የባሏን ታላቅ ወንድም አፍና ዓይን ጠረገች። ጥምጥሙን አቃናችለት። ጋጄንድራ ይህች ማን ናት ብሎ ነው መሰለኝ ትክ ብሎ አያት።

ቢምላ ወደ ኩሱም ጠጋ ብላ፣ "ባለቤትዎ ራሳቸው አልማሉም" አለቻት። "ወንድማቸውን አስቀድመው፣ ተናደው ወጡ። ዛሬ ሳይመሽ ይመለሱ፣ ወይም ይላኩብኝና እኔ እመጣለሁ። ነገ ምርመራ ነው። ይንገሩልኝ።"

"እነግራለሁ" አለች ኩሱም።

ባለጎማውን ወንበር ራሷ እየገፋች ቤት ደረሰች። ላልታ በአባቱ ክፍል ከደጋፊዎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። የፍየል ሥጋና ሩዝ ቀርቧል። ድምፁን ከፍ አድርጎ እያወራ፣ እየሳቀ፣ በልቶ የማያውቀውን ያህል እየበላ ነው። ኩሱም በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጋጄንድራን አልጋው ላይ አስተኝታ በማንኪያ ሩዝ አበላችው።

በነጋታው በምርመራው ሁለቱም ስሞች ወደቁ። አንዱ መናገር ስላልቻለ፣ አንዱ ስላልተናገረ። ከሻምሼር ሲንግ ጀምሮ ከዚያ ቤት ወጥታ የማታውቀው ወንበር በዚያ ቀን ወጣች፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰችም።

ላልታ ሚስቱን ሲፈልግ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ አገኛት። ፊቷን ሳትሸፍን፣ ቅርጫት ሙሉ ላዱ ይዛ ለመጣ ለሄደው እያደለች ነው። ሰው ግራ ገብቶት እየተቀበለ ያልፋል።

"ሹሟ ነግራሽ ነበር ይባላል" አላት። ድምፁ አይሰማም ነበር።

"ነግራኛለች።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ኩሱም ከቅርጫቱ አንድ ላዱ አንስታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"እየበሉ ነበር" አለችው።